በግ ሲሰረቅ፣ ሰው ሲጎዳ፦ የትኛው ማስረጃ ይቅደም? ለሰሜን ሸዋ ሰው የንጽጽር መመሪያ

ባለፈው ክረምት ከጫጫ ወጣ ብላ ካለች መንደር አንድ አባት ቢሮዬ መጡ። ሌሊት ጉረኗቸው ተሰብሮ አሥራ አንድ በግ ተነድቶባቸዋል። ጠዋት ጎረቤቱ ሁሉ «አይዞዎት» ሊላቸው ተሰበሰበ፤ ጉረኖው በር ላይ ቆሞ አዘነላቸው፣ የተገነጠለውን መቀርቀሪያ እየተቀባበለ አገላበጠው። ሰው በችግር ጊዜ ለወገኑ የሚያደርገውን ነው ያደረገው። ፖሊስ በደረሰ ጊዜ ግን ጭቃው ላይ የሌባው ዱካ የቱ፣ የአጽናኙ የቱ እንደሆነ መለየት አልተቻለም። መቀርቀሪያውም ከሃያ በማያንሱ እጆች አልፎ ነበር። ለመርማሪው የቀረው «ድምፅ ሰምቻለሁ፤ እገሌን ይመስለኛል» የሚል አንድ ምስክር ብቻ ሆነ። መዝገቡ ተዘጋ።

ሰው ወደ እኔ ሲመጣ «ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ የቱ ነው?» ይለኛል። ከዚያ ጥያቄ በፊት የሚመጣ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋው የቱ ነው? ምስክር ከሳምንት በኋላም ይገኛል፤ ዱካን ለማጥፋት ግን አንድ ካፊያ ይበቃል። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ወንጀል ለደረሰበት ሰው፣ ለዕድር ዳኛ፣ ለቀበሌ ሰላም አስከባሪ፣ እንዲሁም ባልሠራው ወንጀል ለተጠረጠረ ሰው ቤተሰብ ነው።

በምን እንመዝናቸው?

ማስረጃዎችን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ አምስት ነገር እመለከታለሁ። የመጀመሪያው ዕድሜው ነው፤ የሚጠፋው በሰዓት ነው፣ በሳምንት ወይስ በዓመት? ሁለተኛው የሚናገረው ነገር ነው፤ አንድን ሰው ለይቶ ያሳያል ወይስ «እንዲህ ዓይነት ጫማ ያደረገ ሰው» ብሎ ይቆማል? ሦስተኛው ስሕተት የሚገባበት ቀዳዳ ነው። አራተኛው ፍርድ ቤት ሲደርስ የሚነሳበት ጥያቄ ነው። አምስተኛው ድካሙ ነው፤ እዚሁ ወረዳ ላይ ያልቃል ወይስ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ መድረስ አለበት?

ዕድሜውን የሚወስነው በአብዛኛው የአየር ጠባያችን ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በዚያ ብርድ በጨርቅ ላይ የደረቀ ደም ብዙ ጊዜ ይቆያል። ያው ጨርቅ ሸዋ ሮቢት ቆላ ውስጥ እርጥብ ሆኖ ከተጠቀለለ በቶሎ ይበላሻል። ዱካ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ በደጋው በክረምት ዝናቡ ያጥበዋል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ምድሩን ስለሚያጠነክረው ማለዳ የተረገጠ መሬት ምልክት ላይዝ ይችላል። ስለዚህ ለደጋው ለመንዝ የሚሰጠው ምክር ለቆላው ለቀወት እንዳለ አይሠራም።

የሰው ምስክር

አባቶቻችን ጥፋተኛ የሚያወጡት በአውጫጭኝ ነበር። የአካባቢው ሰው አንድ ቦታ ይሰበሰባል፣ የሚያውቀውን እስኪያወጣ ድረስ አይበተንም። ዛሬም በገጠራችን የወንጀል መዝገብ ጀርባ ሆኖ የሚቆመው የሰው ቃል ነው፤ ይህን የምለው ለማቃለል አይደለም። ምስክር ዕቃ የማይናገረውን ይናገራል፦ ማን ምን እንዳለ፣ ጠቡ ከየት እንደተነሳ፣ ማን እንደሸሸ። በመንደር ያለ ምስክር የሚያየው ብዙ ጊዜ የሚያውቀውን ሰው ነው። አረማመዱን፣ አለባበሱን፣ ቤተሰቡን ያውቃል። ይህ አንድን እንግዳ ለቅጽበት አይቶ ከመለየት እጅግ ይሻላል።

ድክመቱም ከዚያው ይመጣል። በምንተዋወቅበት አገር ቂምም አብሮ ይኖራል፤ የድንበር ጠብ፣ የቆየ ደም፣ ያልተከፈለ ብድር። አውጫጭኝ ራሱ አንዳንድ ጊዜ የሚያወጣው ጥፋተኛውን ሳይሆን ሰው የሚጠላውን ነበር። ከቂም ውጭ ደግሞ የማስታወስ ነገር አለ። በአሜሪካ ከተፈረደባቸው በኋላ በዲኤንኤ (በሰው ደምና ምራቅ ውስጥ በሚገኝ የዘር መለያ) ምርመራ ንጹሕነታቸው ከተረጋገጠ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች መካከል ከግማሽ በላይ በሚሆኑት መዝገብ ላይ «እርሱ ነው» ብሎ የተሳሳተ የዓይን ምስክር ነበረ። አብዛኞቹ ምስክሮች ዋሽተው አልነበረም። ያዩ መስሏቸው ነው።

እኛ ዘንድ የምስክርን ቃል ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው ለቅሶ ቤት ነው። ሰው ተገድሎ ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን እየደጋገምን እናወራለን። አንዱ ያየውን ሌላው ይሰማል፣ በአራተኛው ቀን ለፖሊስ ቃል ሲሰጥ የሰማውን እንዳየው አድርጎ ይናገራል፤ እርሱም ልዩነቱን አያውቀውም። ፍርድ ቤት ሲቀርብ ታዲያ መስቀለኛ ጥያቄ ላይ ይፈርሳል። «በየት በኩል ቆመህ አየኸው? ብርሃኑ ከየት ነበር? ስንት እርምጃ ትርቃለህ?» የሚሉ ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ስለዚህ ያየ ሰው ለቅሶ ቤት ከመግባቱ በፊት ቃሉን ይስጥ፤ ፖሊስ ከዘገየ ያየውን ብቻ በራሱ አነጋገር በወረቀት አስፍሮ ቀኑን ይጻፍበት። የሰማውን «ሰማሁ» ይበል።

ምስክርነት የሚያስፈራ ሲሆን የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 መኖሩን ለመርማሪውና ለዐቃቤ ሕጉ ማንሳት መብት ነው።

የእምነት ቃል

ብዙ ሰው «ተጠርጣሪው ጥፋቱን ካመነ አለቀ» ይላል። እኔ ግን ከሁሉ የምጠነቀቀው እርሱን ነው። በእንግሊዝ አገር በሌስተርሺር እ.ኤ.አ. በ1983 እና በ1986 ሁለት ልጃገረዶች ተገደሉ። አንድ የ17 ዓመት ወጣት ሁለተኛይቱን ገደልኩ ብሎ አመነ። በሌስተር ዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስት የነበሩት አሌክ ጄፍሪስ ናሙናውን ሲመረምሩ ሁለቱንም የገደለው አንድ ሰው መሆኑ፣ ያም ሰው ልጁ አለመሆኑ ተገኘ። እውነተኛው ገዳይ እ.ኤ.አ. በ1988 ተፈረደበት። በወንጀል ምርመራ ታሪክ ዲኤንኤ ቀድሞ የሠራው ሥራ ያመነን ሰው ነፃ ማውጣት ነበር ማለት ነው።

የእኛም ሕግ ይህን ያውቃል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት እንዳለው፣ በማስገደድ የተገኘ ቃልም ተቀባይነት እንደማይኖረው ይደነግጋል። በዚሁ አንቀጽ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። የእምነት ቃል ዋጋ የሚኖረው ሌላ ማስረጃ ሲደግፈው ነው፤ ለምሳሌ የተደበቀውን ዕቃ ራሱ መርቶ ሲያሳይ። ብቻውን ሲቆም ግን ለመርማሪው የድካም ማሳጠሪያ እንጂ የእውነት ማረጋገጫ አይደለም።

ዱካ፣ ክር፣ ጸጉር

ፈረንሳዊው ኤድሞን ሎካርድ እ.ኤ.አ. በ1910 በሊዮን ከተማ የፖሊስ ቤተ ሙከራ ያቋቋመ ሰው ነው። ስሙ የሚነሳበት ሐሳብ ቀላል ነው፤ ሰው የነካው ቦታ ላይ ከራሱ አንድ ነገር ይተዋል፣ ከቦታውም አንድ ነገር ይወስዳል። የመንዝን በግ ተሸክሞ አጥር የዘለለ ሌባ ሱሪው ላይ ጸጉር ሳይይዝ አይሄድም። የእሾህ አጥርም ከባናው ወይም ከጋቢው ክር ያስቀራል።

ነገር ግን የእነዚህን ማስረጃዎች ልክ ማወቅ ያስፈልጋል። ክርና ከሥሩ ያልተነቀለ ጸጉር በዓይነት እንጂ በሰው አይለዩም። ዱካም እንዲሁ። በገጠራችን ስንቱ ሰው ኮንጎ ጫማ ያደርጋል? ሁሉም ከአንድ ዓይነት ቅርጽ የወጣ ነው፤ ዱካው ቁጥሩንና ዓይነቱን ይናገራል፣ ከዚያ አያልፍም። ሰውን ወደ መለየት የሚጠጋው ጫማው ሲያረጅ ነው። ተረከዙ ላይ የተቆረጠ፣ በአንድ በኩል የተበላ፣ በጋለ ብረት ተለጥፎ የተጠገነ ከሆነ ያ ጠባሳ በሌላ ጫማ ላይ አይደገምም። ስለዚህ ዱካ ስታገኙ ከቅርብ ተመልከቱ፤ ጥርት ባለው ላይ ሳፋ ወይም ገበቴ ድፉበት፣ ዙሪያውን በድንጋይ ክበቡት። ስልክ ካላችሁ ከላይ ቀጥ ብላችሁ፣ አጠገቡ ማስመሪያ ወይም ስክሪብቶ አስቀምጣችሁ ፎቶ አንሱት። መርማሪ ፖሊስ ሲመጣ በጄሶ ቅርጹን ሊያነሳው ይችላል። ወጪው ምንም ነው፤ ዕድሜው ግን የሰዓታት ነው።

የጣት አሻራ

እ.ኤ.አ. በ1892 በአርጀንቲና አንዲት እናት ልጆቿን የገደለው ጎረቤቷ ነው ብላ ከሰሰች። በር ላይ የተገኘ በደም የታተመ አሻራ የራሷ ሆኖ ተገኘ፤ አመነችም። በጣት አሻራ ከተረጋገጡ የነፍስ ግድያዎች የመጀመሪያው ተብሎ የሚጠቀሰው ይህ ነው። አሻራ መንትዮችን እንኳ ይለያል፣ ሰው እስኪሞትም አይለወጥም።

ጥያቄው የት ይገኛል የሚለው ነው። አሻራ የሚወደው ለስላሳ ነገር ነው፦ መስታወት፣ ቆርቆሮ፣ ብርጭቆ፣ ቀለም የተቀባ በር፣ ጀሪካን፣ ስልክ። በመንዝ የድንጋይ ግድግዳ፣ በጭቃ ምርጊት፣ በበግ ቆዳ ላይ አትፈልጉት። ከተማ ቤት ግን ብዙ ይናገራል። አሻራ ደግሞ ሰዓት አይናገርም፤ ከሳምንት በፊት ለሥራ የገባ ሰውም ይተዋል። አመሳካሪውም ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ከማድሪዱ የባቡር ፍንዳታ በኋላ የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ በኦሪገን ግዛት የሚኖር አንድ ጠበቃን በአሻራ ለየሁት ብሎ ሁለት ሳምንት ገደማ አሠረው፤ የስፔን ፖሊስ አሻራው የሌላ ሰው መሆኑን አሳየ።

ደምና ዲኤንኤ

እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ጉባኤ የፎረንሲክ (የሳይንሳዊ ወንጀል ምርመራ) ዘዴዎችን መርምሮ፣ ማስረጃን ከአንድ ሰው ጋር በአስተማማኝ ሁኔታ እንደሚያገናኝ በጥብቅ የተረጋገጠለት የዲኤንኤ ምርመራ ብቻ ነው የሚል መደምደሚያ ላይ ደርሷል። ከደም፣ ከምራቅ፣ ከዘር ፈሳሽ፣ ከሥሩ ከተነቀለ ጸጉር ይገኛል። አንድ ዓይነት መንትዮችን ግን አይለይም፤ እንዴት እዚያ ቦታ እንደደረሰም አይነግርም።

ለእኛ የሚከብደው ርቀቱና አያያዙ ነው። በደም የተነከረ ነጠላ በፌስታል ተቋጥሮ ሲመጣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ልቤ ይሰበራል። ፌስታል እርጥበቱን ያፍነዋል፣ ይሻግታል፣ ናሙናውም ይሞታል። በጥላ፣ ነፋስ ባለበት፣ ከሌላ ልብስ ጋር ሳይነካካ ይድረቅ። ፀሐይ ላይ አታስጡት። ሲደርቅ በንጹሕ ወረቀት ወይም በካኪ ፖስታ ይታሸግ፣ እያንዳንዱ ለየብቻው። ማን ለማን፣ መቼ እንዳስረከበ በወረቀት ይስፈር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ፍርድ ቤት ላይ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ምርመራው ሳይሆን ይህ ርክክብ ነው።

ጥይትና ቀለሃ

ተኩስ በነበረበት ቦታ ቀለሃ ወርቅ ነው። የመሣሪያው መምቻና መጎተቻ በቀለሃው ላይ የሚተዉት ጭረት ከተጠረጠረው ጠመንጃ ጋር ይነጻጸራል። ሰው ግን ለማሳየት ብሎ ኪሱ ይከተዋል። አትንኩት፤ የወደቀበትም ቦታ ተኳሹ የት እንደቆመ ይጠቁማል። ይህ ማስረጃ ጠመንጃውን ይለያል፣ ያን ሌሊት ማን እንደያዘው ግን ምስክር ያስፈልጋል።

ስልክ፣ ካሜራ፣ መልእክት

ይህ ማስረጃ በየቀኑ እየበዛ ነው። የስልክ ጥሪ ዝርዝር ስልኩ በየትኛው የኔትወርክ ማማ ክልል እንደነበረ ይናገራል። ነገር ግን ስልኩን እንጂ ሰውየውን አያሳይም። በተራራ አገር ደግሞ አንድ ማማ እጅግ ሰፊ ቦታ ሊሸፍን ይችላል፤ ጣርማ በር ላይ የቆመ ሰውና ቁልቁል ደብረ ሲና ያለ ሰው በአንድ ማማ ሥር ሊታዩ ይችላሉ። የመልእክት ፎቶ ለመፈብረክ ቀላል ነው፤ ስለዚህ መልእክቱን ሳታጠፉ ስልኩን ራሱን አቅርቡ። የካሜራ ቅጂ ከሁሉ ያታልላል፤ ለዘላለም የተቀመጠ ይመስላል፣ መሣሪያው ሲሞላ ግን በአሮጌው ላይ አዲሱን ይጽፍበታል።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ካሜራው 02፡00 ይላል፣ ምስክሩ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይላል፤ ሁለቱም ያው ናቸው። ይህን ያላስተዋለ ሰው ምስክሩን ውሸታም ያደርገዋል። ቃል ሲሰጥ ሰዓቱ በሀገራችን አቆጣጠር መሆኑ ይጻፍ፤ የካሜራውም ሰዓት በዚያን ዕለት ትክክለኛ ከሆነ ሰዓት ጋር ተመሳክሮ ልዩነቱ ይመዝገብ።

ጎን ለጎን ሲታዩ

| ማስረጃ | ዕድሜው | የሚለየው | ዋና ድክመቱ | ድካሙ |
|---|---|---|---|---|
| የሰው ምስክር | ቀናት ሳያልፉ ይደባለቃል | ሰውንና ምክንያቱን | ቂም፣ ጨለማ፣ ወሬ | ወረዳ ላይ ያልቃል |
| የእምነት ቃል | አይጠፋም | ብቻውን ምንም | ማስገደድ፣ ፍርሃት | ትንሽ |
| ዱካ | ሰዓታት | የጫማ ዓይነት፣ ሲያረጅ ራሱን ጫማውን | ዝናብና ሰው ይረግጠዋል | በጣም ትንሽ |
| የጣት አሻራ | ከቀናት እስከ ወራት፣ እንደ ቦታው | ሰውን | ሻካራ ነገር አይቀበለውም፣ ጊዜ አይናገርም | ባለሙያ ይፈልጋል |
| ዲኤንኤ | ደርቆ ከተያዘ ዓመታት | ሰውን | አያያዝና ርክክብ | ከሁሉ ይበልጣል |
| ቀለሃ | ካልተነካ ብዙ ጊዜ | ጠመንጃውን | ሰው ያነሳዋል | ባለሙያ ይፈልጋል |
| ካሜራ | ቀናት ወይም ሳምንታት | ምስሉ ጥርት ካለ ሰውን | ይደመሰሳል፣ ሰዓቱ ይሳሳታል | መካከለኛ |
| የሐኪም ማስረጃ | ሰዓታትና ቀናት | ጉዳቱን | አድራጊውን አይናገርም | ጤና ተቋም |

እንደየጉዳዩ

*በግ ወይም ከብት ሲሰረቅ።* መጀመሪያ ዱካው ላይ ሳፋ ድፉ፣ ከዚያ ጎረቤት ጥሩ። አንድ ሰው በር ላይ ቁሞ የመጣውን በሌላ በኩል ያሳልፍ። የበጎቹን ቀለም፣ የጆሮ ምልክት፣ ቁጥር ጽፋችሁ ወደ አካባቢው የገበያ ቦታዎች በዚያው ቀን ላኩ። አስቀድሞ የተነሳ ፎቶ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። የተገኘን በግ «የእኔ ነው» ማለት አይበቃም፣ ምልክቱን በጉን ሳያዩ መናገር የቻለ ይታመናል።

*ቤት ሲሰበር።* የተነካውን መስታወት፣ ሣጥንና ቆርቆሮ አትጥረጉ። ቤት ማጽዳት ለነገ ይቆይ።

*ድብደባ።* በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቁስሉን ፎቶ አንሱ፣ በሦስተኛውም ቀን ድገሙ፤ ብዙ ጊዜ ሰንበር ቆይቶ ነው የሚወጣው።

*አስገድዶ መድፈር።* ለእናቶችና ለታላቅ እህቶች በተለይ የምለው አለኝ። ልጅቱን ለማጽናናት ብላችሁ ወዲያው አታጥቧት። ገላዋን ሳትታጠብ፣ ልብሷን ሳትቀይር ሆስፒታል ትድረስ፤ ከቀየረችም ልብሱ በወረቀት ይያዝ። ታጥባ ከሆነም አትቅሩ፣ ሂዱ። 72 ሰዓት ሳያልፍ መድረስ ለናሙናው ብቻ ሳይሆን ለእርሷ ሕይወት ነው፤ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚጀመረው በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው። «ነገሩ በሽማግሌ ይያዝ» ብሎ የሚመጣ ዘመድ ካለ፣ ሐኪም ሳያያት ማንም ቤት አይግባ። ሽምግልና ለብዙ ነገር ያገለግላል፤ ለዚህ ግን የሚያተርፈው ለአጥፊው ጊዜ መስጠት ነው።

*በስልክ ገንዘብ ሲወሰድ።* የላካችሁበትን ደረሰኝ ቁጥርና ሰዓት ይዛችሁ በዚያችው ሰዓት ወደ ባንኩ ወይም አገልግሎት ሰጪው፣ ከዚያ ወደ ፖሊስ። ቁጥሩን ዘግታችሁ መልእክቱን እንዳታጠፉ።

*ሰነድ ሲጭበረበር።* የይዞታ ደብተርም ሆነ የብድር ውል ዋናው ይቅረብ፤ በቅጂ ላይ የቀለሙንና የብዕሩን አሻራ ባለሙያ አያገኘውም።

*ሰው ሲገደል።* ሬሳውን ለማንሳት መቻኮል ወጋችን ነው፣ ምክንያቱም ይገባኛል። ሕይወቱ ማለፉ ከተረጋገጠ ግን ፖሊስ እስኪደርስ በጋቢ እንኳ አትሸፍኑት፤ የጋቢው ክር ይዋሐደዋል። ሰው አቁማችሁ ከርቀት ጠብቁት። የአስከሬን ምርመራ ሲታዘዝ ቀብር መዘግየቱ ያማል። የሞቱን ምክንያት የሚናገረው ግን እርሱ ነው፤ ከተቀበረ በኋላ አውጥቶ መመርመር ለቤተሰቡ ሁለተኛ ሐዘን ይሆናል።

*ቤተሰባችሁ ሲጠረጠር።* የንጹሕ ሰውም ማስረጃ ይጠፋል፣ እንዲያውም የሚጠብቅለት ስለሌለ ቀድሞ ይጠፋል። «ልጃችን በዚያ ሌሊት ደብረ ሲና ነበር» ካላችሁ ያደረበት ሆቴል ካሜራ ዛሬ እንጂ በወሩ አይገኝም። የአውቶቡስ ትኬቱን ፈልጉ፣ የሆቴሉን የእንግዶች መዝገብ ገጽ ፎቶ አንሱ፣ ካሜራው እንዳይደመሰስ መርማሪውን በጽሑፍ ጠይቁና በማመልከቻችሁ ቅጂ ላይ የተቀበለበትን ቀን አስፈርሙ። ክስ ሲመሠረት ተከሳሹ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት የቀረበበትን ማስረጃ ሁሉ የማየት መብት አለው፤ ያን ቀን የእናንተም ፖስታ በእጃችሁ ይሁን።